የተበላው ቅጠል

በቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ አረፋ ሲቃረብ የሃሊማን ደጅ የማይረግጥ ሰው አልነበረም። ሴቱ ሁሉ እየመጣ «የእኔን ቤት አስቀድሚልኝ» ይላል፤ ይለማመጣል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዷም አኩርፋ ትመለሳለች። ሃሊማ ግድግዳ ትስላለች። ለአረፋ ልጆች ከአዲስ አበባም፣ ከዓረብ አገርም፣ ከደቡብ አፍሪካም ወደየቤታቸው ስለሚገቡ ቤቱ እንደ አዲስ ይመረጋል፤ ግድግዳው በነጭና በቀይ አፈር፣ በከሰልም ያጌጣል። መስመር መሳቡንና ሦስት ማዕዘን መደርደሩን ሌሎቹም ሴቶች ያውቁበታል። የሃሊማ ግን አበባ ነው፤ ያውም በዚያ አገር በቅሎ የማያውቅ አበባ።

ዘንድሮ ማንም አልመጣባትም።

ለምን እንዳልመጣ ከራሷ ከሃሊማ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ልጇ ራምዚ ሞቷል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሚነግድባት ትንሽ ሱቁ ዘራፊዎች ገብተው በጥይት መቱት፤ እዚያው ያሉ ያገሩ ልጆች በዕለቱ ቀበሩት። አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ለእናቱ መንገር ቢያቅተው ለአጎቱ ለጀማሉ ደወለ። ጀማሉ የሃሊማ ሟች ባል ታላቅ ወንድም ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ያለሱ ቃል የሚሆን ነገር የለም። ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መከረ። መርዶ ደግሞ ጊዜ የሚመረጥለት ነገር ነው፤ እንዲሁ አይወረወርም። «አረፋ ደርሷል፤ በዓሉን አናጨልምባት። ይለፍና በማለዳ ሄደን እናረዳታለን» ተባብለው ተለያዩ። ደጎች ናቸው፤ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ከእንዲህ ያለው ደግነት ግን አላህ ይሰውራችሁ።

አንድ ነገር ዘንግተዋል። ሃሊማ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። አረፋ ማለት ለእሷ ግድግዳ ነው። የሐዘንተኛን እጅ ለደስታ ቤት ማሠራት ነውር ነውና የሚያሠራት ጠፋ፤ ደግሞስ ማን ነው እያወቀ ቤቱ አስገብቷት፣ ስትስል ቀኑን ሙሉ ፊቷን ማየት የሚችለው?

ይህን ሁሉ ቅርብ ሆና ያየችው ሰልሚያ ናት። ሰልሚያ የጀማሉ ታናሽ እህት ናት፤ ለሃሊማ የባሏ እህት መሆኗ ነው። ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ በሃሊማ ግቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ነጩን አፈር ትፈጫለች፣ በነጠላ ታጠልላለች፣ ትበጠብጣለች፤ ሃሊማ ትስላለች። ሁለቱን ለይቶ የሚጠራቸው ሰው የለም፤ «እነ ሃሊማ» ነው የሚባሉት። ወሬው የደረሰ ቀን ጀማሉ ለብቻዋ ጠርቶ ነገራትና «አፍሽን ያዢ» አላት። ሰልሚያ ያን ዕለት ወንዝ ወርዳ፣ ልብስ የምታጥብ መስላ፣ ድምጿን ውጣ አለቀሰች። ራምዚን አዝላ ነው ያሳደገችው። ዕንባዋ ሲያልቅ ፊቷን ታጥባ ወደ ቤት ተመለሰች።

መጀመሪያ ነገሩ ያፈጠጠው በፈትሂያ ቤት ነው። ፈትሂያ ፊት ለፊት ጎረቤታቸው ናት፤ በየዓመቱ ከሁሉ ቀድማ የምታሠራው እሷ ናት። ብትጠበቅ ብትጠበቅ ስትቀር ሃሊማ ራሷ ተነሥታ ሄደች፤ ሰልሚያም ተከተለቻት።

«አሰላሙ አለይኩም። ምነው ዘንድሮ ጠፋሽ? መቼ ልምጣልሽ?» አለች ሃሊማ፣ ገና በር ላይ እንዳለች።

ፈትሂያ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ወደ ሰልሚያ ሄደና ተመልሶ መሬት ላይ ወደቀ። «ዘንድሮማ... ልጆቹ ስቲከር እንለጥፋለን ብለዋል» አለች። «ከአዲስ አበባ ነው የሚያመጡት። አበባ ያለበት።»

«ስቲከር?»

«ልጆች ናቸው፣ ምን ታደርጊያቸዋለሽ።»

ሃሊማ ግድግዳውን አየች። አምና የሳለችው አበባ እዚያው አለ፤ ከመደቡ በላይ ጢስ ትንሽ ጠቆር አድርጎታል። «ይቅናችሁ» ብላ ወጣች። ቤት ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው «እጄ ደክሟል ማለት ነው፤ እነሱ አይተውታል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት» ያለችው። ሰልሚያ እጅሽ አልደከመም ልትል ፈለገች። ታዲያ ለምንድን ነው ብትላትስ ምን ትመልሳለች?

የሃሊማን እጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሃሊማ ከመስቃን ገጠር ተድራ ቡታጅራ ስትገባ ገና ልጅ ነበረች። ከእናቷ የተማረችው ያንኑ ሁሉም የሚያውቀውን መስመርና ሦስት ማዕዘን ነው። ባሏ ናስሩ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ራምዚ ያኔ ገና ዳዴ ይል ነበር። ከግቢዋ አንዱን ክፍል ማከራየት ጀመረች። ከተከራዮቹ አንዷ ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት ነበረች፤ ለገጠሩ የውሃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር ሥራ ላይ የመጣች፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ። ይህች ልጅ የክፍሏን ግድግዳ በወረቀት ሥዕል ሞላችው። ሃሊማ «ግድግዳዬን በሙጫ አበላሸሽው» ብላ ልትጣላ ገባች፤ ገብታም አፏን ከፍታ ቀረች።

ሁሉም አበባ ነው፤ ሁሉም ያው አንድ ዓይነት አበባ ነው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንዱ ክብ ብሎ እንደ ኳስ ተጠቅልሏል። አንዱ እንደ ሸረሪት እግር ቀጫጭን ሆኖ ተንዠርግጓል። አንዱ ጀርባውን ሰጥቷል። በየአጠገቡ የአበባው ስም በእነሱ ፊደል ተጽፏል፤ ዙሪያው ባዶ ነው። ሚዶሪ በተሰባበረ አማርኛዋ አስረዳቻት። ከብዙ ዘመን በፊት በአገሯ ሰዎች ይህን አበባ እያዳቀሉ፣ የማን ይበልጣል እያሉ ይወዳደሩ ነበር፤ ያሸነፈውን አበባ ሠዓሊ ጠርተው ልክ እንደሆነው ያስሉታል። ሥዕሎቹ የዚያ ዘመን ሥዕሎች ቅጂ ናቸው። አበባውን በአገሯ ኪኩ ይሉታል። አበባ እርሻ ላይ ሠርተው የተመለሱ የሰፈሩ ልጆች ክሪሳንተመም ነው ይላሉ፤ ሃሊማ ግን እስከዛሬም ኪኩ ነው የምትለው።

በዚያው ሰሞን ከእንሰት ቃጫ ቀጭን ብሩሽ አስራ መሞከር ጀመረች። ሚዶሪ ከሥራ ስትመለስ ከጎኗ ትቆማለች። የአበባውን ቅንጣት ሃሊማ «ጣት» ትለዋለች፤ ሚዶሪም ያንኑ ቃል ያዘች። «ከመሃል ጀምሪ» ትላታለች። «አንድ ጣት፣ አንድ ትንፋሽ። አትመለሽበት።» ሃሊማ ከተሳሳተች ሙሉውን ግድግዳ ፍቃ መርጋ እንደገና ትጀምራለች። ጎረቤቶቿ አበደች አሉ። ያኔ አብራት ጭቃ የምታቦካው ሰልሚያም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዳለች ብላ ነበር።

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ አልወደደላትም። «ግማሹን ግድግዳ ባዶ ትተሽብን ሄድሽ» ይሏታል። ባዶው ነው አበባውን የሚያሳየው ብትላቸው ይስቁባታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የቅጠሉ ነገር ነበር። ከነዚያ የድሮ ሥዕሎች በአንዱ ላይ ከታች ያለች አንዲት ቅጠል ተበልታለች፤ ትል የበላት ቀዳዳ አላት። ሃሊማ ያችን ቅጠል አሳምራ ሙሉ አድርጋ ብትስል ሚዶሪ ራሷን ነቀነቀች። «ሠዓሊው አይቶ ነው የሳለው» አለቻት። «ትል በልቷል። እሱም እንደተበላ ሳለ። ቢደብቀው ውሸት ነው።» ይህ ነገር ሃሊማ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በማንም ቤት ስትስል አንዲት የተበላች ቅጠል ሳታስገባ አትወጣም። አንዲት ሙሽራ «ለሠርጌ ትል ትስይብኛለሽ?» ብላ አልቅሳባታለች። «ትዳር ነው የምትገቢው፣ ምን ጠበቅሽ?» አለቻት ሃሊማ፤ ሙሽራይቱ እያለቀሰች ሳቀች፤ የተበላችው ቅጠልም በቦታዋ ቆየች።

እያደር ሰው ለመደው፤ ከለመደውም በኋላ ያለሱ አረፋ አረፋ አልመስል አለው። ሚዶሪ ወደ አገሯ ስትመለስ ሥዕሎቹን በሙሉ ለሃሊማ ትታላት ሄደች። በመጨረሻው ሰሞን የነገረቻት ነገርም አለ። ሌላው አበባ ብርድ መትቶት ሲረግፍ ኪኩ ያኔ ነው የሚፈካው፤ ስለዚህ በአገሯ የዕድሜ አበባ ነው፤ አበባው ላይ ጥጥ አሳድረው፣ ጤዛ በነካው ጥጥ ፊታቸውን እየጠረጉ ዕድሜ ይለምኑበታል። «ዕድሜ የሚሰጠው አላህ ነው» አለቻት ሃሊማ ፈጠን ብላ። ቢሆንም ከሩቅ አገር ልጁን ለሚጠብቅ ቤት ስትስል እጇ ይበልጥ ይጠነቀቃል፤ ሰልሚያ ይህን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች።

ራምዚ አድጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ሃሊማ አልከለከለችውም፤ የሰፈሩ ወንድ ልጅ ሁሉ ሄዷል፣ የእሷን ምን ብላ ታስቀር? ሱቅ ከፈተ። የእናቱን ግድግዳ ፎቶ አሳጥቦ ከሚሸጠው ሳሙና በላይ ሰቀለው። በስልክ ሲያወሩ ሁልጊዜ ይቀልድባታል። «እማ፣ ለሰው ሁሉ ትል እየሳልሽ አስለቀስሽ። እኔ ስመጣ ትል ያልነካው ሳዪልኝ። እዚህ ያለው ትል ይበቃኛል።» ረመዳን ላይ ደውሎ ለዚህ አረፋ እንደሚመጣ ነገራት። ከዚያ በኋላ ስልኩ መጥራት አቆመ።

ከፈትሂያ ቤት በተመለሱ ማግስት ጀማሉ እንደልማዱ ሊጠይቃት ጎራ አለ። ሃሊማ ሻይ ቀድታ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ወንድም ጋሼ፣ ራምዚ ስልኩ ከተዘጋ ሰነበተ። አንተስ ምን ሰማህ?»

ጀማሉ ሳል ያዘው። ብርጭቆውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። ሃሊማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሰልሚያ ጥግ ተቀምጣ፣ አሁን ይነግራታል፣ እዚሁ እያለቀሰ ይዘረግፈዋል ብላ ደነገጠች።

«መንገድ ላይ ነው» አለች ሰልሚያ።

ከየት እንደመጣባት አታውቅም። ቃሉ አንዴ ወጣ። ሃሊማ ዘወር አለች።

«ምን አልሽ?»

«ራምዚ። መንገድ ላይ ነው። በድንገት ገብቶ ሊያስደስትሽ ፈልጎ ነው ስልኩን የዘጋው። ለእኔ ነግሮኛል፤ አትንገሪያት ብሎኝ ነው።»

«ወላሂ?»

ሰልሚያ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ ሻዩን ያያል።

«ወላሂ» አለች።

ሃሊማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያም ሳቀች፤ ጎንበስ ብላ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጀማሉ «እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ጫማውን በቅጡ ሳያደርግ ወጣ። ሰልሚያ በአላህ ስም በውሸት መማሏ የገባት ዘግይቶ ነው፤ ለሰላት ውዱእ ስታደርግ ውሃው እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። አንድ ነገር ብቻ አሰበች። ሃሊማ የማይሆነውን ነገር ተስፋ አድርጋ ብዙ ሳትቆይ፣ ይህን ቃል ከሃሊማ አንገት ላይ ማንሳት አለባት። እሷው ነች ያሰረችው፤ እሷው መፍታት አለባት።

ሃሊማ ግን አልጠበቀቻትም። በማግስቱ የዋናውን ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መፋቅ ጀምራለች።

«ስቲከር ይለጥፉ!» እያለች ትፍቃለች። «ስቲከራቸውን ይለጥፉ! የእኔ ልጅ የእናቱን እጅ ነው የሚያየው። ነይ እንጂ ሰሊ፣ አፈሩን ፍጪልኝ። የዘንድሮው አፈር ልም ይሁን፣ እንደ ዱቄት።»

ሰልሚያ ፈጨች። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቦኩተው መረጉ፤ ሲደርቅ ነጩን አፈር ደራርበው ቀቡት፤ ቤቱ ከመንጣቱ የተነሣ ዓይን ያማል። ከዚያ ሃሊማ ከሰሉን በጥብጣ ብሩሿን ያዘች። ሰልሚያ ብዙ ግድግዳ ስትስል አይታታለች፤ እንዲህ ስትስል ግን አይታት አታውቅም። ትንፋሿን ትይዛለች፣ እጇ አንዴ ይወርዳል፣ ጣቱ ይወጣል። ሌላ ትንፋሽ፣ ሌላ ጣት። እንደ ሸረሪት እግር የሚንዠረገገውን አበባ፣ ስትፈራው የኖረችውን፣ ማንም ቤት ሳላው የማታውቀውን፣ አንድም ሳትመለስበት ከበሩ እስከ ጓዳው አወረደችው። እጇ ደክሟል ያለችውን እሷ ራሷ ረስታዋለች።

«እትዬ ሃሊማ» አለች ሰልሚያ።

«እ?»

ሃሊማ ብሩሿን አንሥታ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አፈር እንደተለቀለቀ፣ ፊቷ በርቶ ትጠብቃለች። ናስሩ ከሞተ ወዲህ ይህን ፊት ያየ የለም።

«ከሰሉ ቀጠነ?» አለች ሰልሚያ።

«ደህና ነው። ምነው ዛሬ ፈዘዝሽ?»

ቀኑን ሙሉ በር ላይ የሚያልፍ ሰው አንገቱን ያስገባና ይደነግጣል። «ማሻ አላህ» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ይሰበራል፤ ቶሎ ብለው ይሄዳሉ። ሃሊማ ቅናት ነው ብላ ትረካለች። «አየሽ ፈትሂያን? ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። ስቲከሯን ትላጠው አሁን!» ሰልሚያ ጎንበስ ብላ አፈሩን ታማስላለች።

ማምሻውን ወደ ጀማሉ ሄደች። «እኔ ልንገራት፤ ከዚህ በላይ አልችልም» አለችው። ጀማሉ ሱቁን እየዘጋ ነበር። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ሽማግሌ የተስማማበትን ማን ነሽና ታፈርሻለሽ አላት። ከዚያ ቁልፉን ይዞ እንደቆመ ትከሻው መርገፍገፍ ጀመረ። «ሰልሚያ፣ እኔም ሰው ነኝ። አንድ አረፋ ትደሰት ብዬ ነው። ከዚያ በኋላማ ምን አላት?» ሁለቱም እዚያው የተዘጋው ሱቅ በር ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሰልሚያ ሳይፈቀድላትም ሳትከለከልም ተመለሰች።

ስትገባ ሃሊማ የመጨረሻውን ግንድ ጨርሳ ከሥሩ ያለችውን ቅጠል እየሞላች ነበር። ያችን የታችኛዋን ቅጠል። ሰልሚያ ቀዳዳውን ስትስል ልታይ ጠበቀች። ሃሊማ ቅጠሏን ጥቁር አድርጋ፣ ዳር እስከ ዳር፣ አንድ ስንጥቅ ሳትተውላት ሞላቻት። ብሩሿን አስቀመጠች።

«ትሉስ?» አለች ሰልሚያ በቀስታ።

«ለራምዚ የለም። ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። ሚዶሪ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር» ብላ ሳቀች። «ትቆጣ። አንዴ ብዋሽ ምን እሆናለሁ? የልጄ ቅጠል ሙሉ ይሁን።»

ሰልሚያ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ እውነቱንም ነው። እሷ ግን «እጅሽን ታጠቢ፣ ውሃ አሙቄልሻለሁ» አለች።

የአረፋ ዋዜማ መናኸሪያው አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሚኒባስና አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ፍራሽና ሻንጣ ጭኖ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ይገባል። እናቶች ከመኪናው ጋር ይሮጣሉ። ባጃጆቹ ሰውና በግ አብረው ጭነው ይተራመሳሉ። ሃሊማ ለኢድ ያሰፋችውን ቀሚስ አንድ ቀን አስቀድማ ለብሳለች። ሰልሚያ እጇን ይዛታለች። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

አንድ አውቶቡስ ተራግፎ አለቀ። ራምዚ የለም። ሃሊማ ዓይኗን ከበሩ አላነሣችም። «በሚቀጥለው ነው» አለች። ሰልሚያ ከዚያ በላይ መቆም አልቻለችም፤ የሃሊማን እጅ ሳበች።

«እትዬ ሃሊማ፣ ወደ ቤት እንሂድ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

«እሱ ይምጣና ትነግሪኛለሽ።»

«አሁን ነው መንገር ያለብኝ። እባክሽ። እኔ ያን ቀን...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ከሚቀጥለው መኪና ሐጂ ሙዝደሊፋ ወረደ። መርካቶ የሚነግድ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ቤቱን በየዓመቱ ሃሊማ ናት የምትስልለት። ወሬውን አዲስ አበባ ባሉት ያገሩ ሰዎች በኩል ሰምቷል፤ ሽማግሌዎቹ በዓሉ ይለፍ ማለታቸውን ግን ማን ይንገረው? ሃሊማን ገና ከሩቅ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ። ሻንጣውን መሬት ላይ ጥሎ መጣና እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። «ሃሊማ፣ አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ። በቀብሩ ባልገኝም በሩቅ ለሞተ የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ ሰግደንለታል።»

ሃሊማ ግራ ተጋባች። እጇን ሳታስለቅቅ «ማን ሞተ፣ ሐጂ?» አለችው። ለማጽናናት የተዘጋጀ ፊት ነበራት፤ ከእሱ ዘመድ አንዱ የሞተ መስሏት ነው።

ሐጂ ሙዝደሊፋ ሰልሚያን አየ። ሰልሚያ ራሷን መነቅነቅም አልቻለችም። ሽማግሌው የሠራው ነገር ሲገባው ከንፈሩ ነጣ። ሃሊማም ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ሰልሚያን አየቻት። ከሰልሚያ ፊት ላይ ሁሉንም አነበበችው። ቀሚሷን እንደለበሰች አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ጩኸቷ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መናኸሪያው ጥሩምባውን አቆመ።

ቤት ያደረሷት ሰዎች ተሸክመው ነው። ሰፈሩ ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ወዲያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ጀማሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ፤ መርዶው ቀድሟቸዋልና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ለሐዘን የገባው ሰው የሚያየው ሌላ ነገር የለም፤ ከበሩ እስከ ጓዳው አበባ ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ደግሞ አጊጦ አይቀመጥም፤ ያገሩ ልማድ ነው። ፈትሂያና ሁለት ሴቶች በባልዲ ጭቃ ይዘው መጡ። ፈትሂያ ዓይኗ አብጧል። ሊለስኑት ጎንበስ ሲሉ ሃሊማ ከተጋደመችበት ቀና አለች።

«እንዳትነኩት» አለች። ድምጿ ከመጮህ ብዛት ጠፍቷል።

ሴቶቹ ባልዲውን አስቀመጡ።

«ጀማሉ፣ መቼ ነው?»

ወንድም ጋሼ አላለችውም። ጀማሉ መሬት መሬት እያየ ነገራት፤ ወር እንዳለፈው፣ የት እንደተቀበረ፣ ለምን ዝም እንዳሉ። የሃሊማ ዓይን ሰልሚያን እስኪያገኝ በሰዎቹ መሃል ዞረ። ሰልሚያ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«አፈሩን ስትፈጪልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ወላሂ ያልሽኝ ዕለትስ?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

አንዲት ሴት «ሃሊማ፣ ተይ፣ ሸይጣንን እርገሚው» አለች። ሃሊማ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻት። እየተደገፈች ተነሣችና ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከግንዱ ሥር፣ ከታችኛዋ ቅጠል አጠገብ ቆመች። ጥቁር ናት፣ ሙሉ ናት፣ ገና በደንብ አልደረቀችም።

«ነይ» አለቻት።

ሰልሚያ መጣች።

«ይቺን እኔ ዋሽቼ ነው የሳልኳት። አንቺ ደግሞ መበላቷን እያወቅሽ ቆመሽ አየሽኝ። ትሉን አንቺ ሳዪው።»

«በምን ልሳለው?»

«በጥፍርሽ።»

ጀማሉ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደና ቆመ። ሰልሚያ ተንበረከከች። ጥፍሯን ቅጠሏ ላይ አሳረፈችና ፋቀች። ከሰሉ ተነሣ፣ ከሥሩ የፈጨችው ነጭ አፈር ተነሣ፣ ከዚያ ጭቃው ታየ። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ሆነች። ዕንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ቀና ብላ ሃሊማን አየቻት።

ሃሊማ ቀዳዳዋን ብዙ ተመለከተቻት።

«አነሰች» አለች። «ጨምሪ።»